ከመቶ ወንድ መቶ ሃምሳው

ቡታጅራን አቋርጦ የሚያልፍ መንገደኛ ገበያዋንና ጫቷን ያስታውስ ይሆናል። በጤና ምሁራን ዘንድ ግን የምትታወቀው በመዝገቧ ነው። በ1986 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ የምጽፈው ምሁራኑ እንደዚያ ስለጻፉት ነው) የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በከተማዋና በዙሪያዋ 10 ቀበሌዎችን መርጠው የቤተሰብ ምዝገባ ጀመሩ። ጊዜው ደርግ ነው፤ «ቆጠራ» ሲባል ሰው ብሔራዊ ውትድርና ትዝ የሚለው ጊዜ። መዝጋቢዎቹ ቤት ለቤት እየዞሩ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ የገባውንና የወጣውን ጻፉ። ያ መዝገብ ሌላ ጥናት ወለደ፤ እነ ዶክተር አታላይ ዓለም በ1990ዎቹ 10,468 አዋቂዎችን ሲያስጠይቁ ግማሽ ያህሉ ጫት እንደሚቅሙ ተናገሩ።

ጣጣው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ ሲሆን የስታቲስቲክስ ሰዎች ሎጂስቲክ ሪግሬሽን የሚሉትን ስሌት ይጠቀማሉ፤ የሚወጣው ቁጥር «ኦድስ ሬሾ» ይባላል። ኦድስ ማለት የሚቅመው ሰው ቁጥር ለማይቅመው ሲካፈል ነው። እንግዲህ ከ100 ሴት 50፣ ከ100 ወንድ 75 ይቅማሉ እንበል (ለምሳሌ የፈጠርኩት ነውና አትያዙብኝ)። የሴቶቹ ኦድስ 50 ለ50 ሲካፈል 1፣ የወንዶቹ 75 ለ25 ሲካፈል 3 ነው። ኦድስ ሬሾው 3 ሆነ። ዘገባ ጸሐፊው ይህን አይቶ «ወንዶች ሦስት እጥፍ ይቅማሉ» ብሎ ይጽፋል። ወልቂጤ ገበያ ቅቤ የምትሸጥ እናት ግን ወዲያው ትይዘዋለች፦ የ50 ሦስት እጥፍ 150 ነው፤ ከመቶ ወንድ መቶ ሃምሳው ከየት ሊመጣ ነው? 75 እኮ የ50 አንድ ተኩል እጥፍ ብቻ ነው።

ስሌቱ አልዋሸም። አሜሪካዊው ጀሮም ኮርንፊልድ በ1951 ኦድስ ሬሾን እንደ «እጥፍ» መውሰድ እንደሚቻል ያሳየው በሽታው ብርቅ ሲሆን ነው። ብርቁም እዚያው ቡታጅራ አለ፤ ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆናቸው 68,378 ሰዎች በተጣሩበት ጥናት ስኪዞፍሬንያ የተገኘባቸው ከሺህ 5 አይሞሉም። እዚህ ላይ ኦድሱና ድርሻው ያው ናቸው ማለት ይቻላል። ግማሹ ሰው የሚቅመው ጫት ላይ ሲደርስ ግን ይራራቃሉ።

ታዲያ አንድ ጤና ቢሮ «ሦስት እጥፉን» አምኖ ትምህርቱን ሁሉ ለወንዶች ቢያዞር፣ ለመዝጋቢው ደፍረው «አዎ» ያሉት ሴቶች ከዕቅዱ ውስጥ የሉም።