ወረንጦ፣ የኤሌክትሪክ መርፌና የሐኪም ምላጭ፤ የተቀለበሰ ሽፋሽፍት ስለሚወገድባቸው ዘዴዎች

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ፣ እንደ ሌላውም የአማራ አገር ሁሉ፣ ወረንጦ የእሾህ ማውጫ ብቻ አይደለም። ወደ ዓይን የተቀለበሰ የሽፋሽፍት ጠጉርም የሚነቀለው በዚሁ መሣሪያ ነው። የሕመሙ ምንጭ የዓይን ማዝ ወይም ትራኮማ ነው። በሽታው በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ከሕፃን ወደ ሕፃን፣ ከሕፃንም ወደ እናት ይተላለፋል። ደጋግሞ የያዘው ሰው የዓይን ቆቡ በውስጥ በኩል ጠባሳ ያወጣል፤ ጠባሳውም ሲኮማተር ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ጠጉሩም ዓይኑ በተገለጠና በተከደነ ቁጥር ብሌኑን ይፍቃል፤ በመጨረሻም ያሳውራል። ሕፃናትን የሚያሳድጉት ሴቶች በመሆናቸው ከወንዶች ይልቅ የሚጎዱት እነርሱ ናቸው።

ነቀላው ከጥንት የመጣ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ዓመት ገደማ የተጻፈው የግብጽ የኤበርስ ፓፒሩስ ከነቀላው በኋላ ጠጉሩ ዳግመኛ እንዳይበቅል የሌሊት ወፍ ደም የተቀላቀለበት መድኃኒት እንዲደረግ ያዛል። ይህም የነቀላው ጉድለት ያን ጊዜም ታውቆ እንደ ነበር ያስረዳል። ወረንጦ ሥሩን ስለማያጠፋ ጠጉሩ በጥቂት ሳምንታት ተመልሶ ይበቅላል፤ በመካከሉ የተሰበረ እንደ ሆነም ጉቶው ከቀድሞው ይልቅ ይወጋል።

ሥሩን ለማጥፋት በአሜሪካ የሴንት ሉዊስ ከተማ የዓይን ሐኪም የነበረው ቻርልስ ሚሸል ቀጭን መርፌ ወደ ጠጉሩ ሥር አስገብቶ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍበትን ዘዴ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1875 ዓ.ም. አሳተመ። በኋላ የውበት ቤቶች የአገጭንና የከንፈርን ጠጉር ለማጥፋት የተጠቀሙበት ይህ ጥበብ የተወለደው እንግዲህ ለውበት ሳይሆን ለዓይን ነው። በዚሁ አቆጣጠር በ1896 ዓ.ም. የቪየናው ሐኪም ሌኦፖልድ ፍሮይንድ ጠጉርን በራጅ ለማርገፍ ሞከረ፤ ጨረሩ ግን ቆዳን የሚያቆስልና ነቀርሳን የሚያመጣ ሆኖ ስለ ተገኘ ለዚህ ተግባር መዋሉ ቀረ።

ይሁን እንጂ መርፌው ሥሩን ቢያጠፋም የተጣመመውን ቆብ አያቀናም፤ ቆቡ እስካልቀና ድረስም ሌላው ጠጉር በተራው ብሌኑን ይነካል። ቆቡን ቆርጦ ጠርዙን ወደ ውጭ በማዞር የሚሰፋው ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው። በአማራ ክልል የተቀለበሰ ጠጉራቸው ከ6 ያነሰ 1,300 ሕመምተኞች በሁለት ተከፍለው፣ አንደኛው ወገን በቀዶ ሕክምና፣ ሁለተኛው በነቀላ ተረድቶ ነበር። በዚያው አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. እንደ ታተመው፣ በ2 ዓመት ውስጥ ሕመሙ የጸናባቸው በነቀላው ወገን ከመቶ 13.2፣ በቀዶ ሕክምናው ከመቶ 2.2 ነበሩ። የማየት ኃይላቸው ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልታየበትም። ለነቀላው ወገን ጥሩ መቆንጠጫ ተሰጥቶ፣ ዓይኑ የሚያይ ረዳት አነቃቀሉን ተምሮ ነበርና።

ስለዚህ ወረንጦ በድንቁርና የሚነቀፍ መሣሪያ አይደለም፤ ሐኪም እስኪገኝ ድረስ ብርሃንን ያቆያል። ሕመሙን ከሥሩ የሚነቅለው ግን፣ ቆቡ ከመጣመሙ አስቀድሞ፣ የሕፃኑ ፊት የሚታጠብበት ውኃና የበሽታው መድኃኒት ነው።