የጡንቻ ቋጠሮ፦ ምንነቱ፣ መንስኤዎቹና ማስታገሻ መንገዶቹ

በአጨዳ ወራት ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ የዋለ አርሶ አደር፣ ከምንጭ ውኃ ቀድታ በጀርባዋ የተሸከመች እናት፣ በልብስ ስፌት መኪና ወይም በኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የሚውል የከተማ ነዋሪ የሚጋሩት አንድ ሕመም አለ። ምሽት ላይ ትከሻቸውን፣ ማጅራታቸውን ወይም ወገባቸውን ሲዳስሱ እንደ ባቄላ ፍሬ ጠጠር ያለ፣ ሲጫኑት የሚያም ነገር ያገኛሉ። ብዙዎች “ብርድ መትቶኝ ነው” ብለው ያልፉታል። ሕመሙ ግን የራሱ መንስኤና ማስታገሻ ያለው የጡንቻ ቋጠሮ ሊሆን ይችላል።

የጡንቻ ቋጠሮ ምንድን ነው?

ጡንቻ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ነው። ክሮቹ ለሥራ ሲታዘዙ ይኮማተራሉ፤ ሥራው ሲያበቃም ይላላሉ። ጥቂቶቹ እንደተኮማተሩ ሲቀሩ በጡንቻው ውስጥ ውጥር ያለና ሲነካ የሚያም ቦታ ይፈጠራል። ቋጠሮ ይባል እንጂ ክሮቹ እንደ ገመድ አልተቋጠሩም፤ ዕጢም አይደለም።

ተመራማሪዎች በዝርዝር አፈጣጠሩ ላይ ዛሬም ይከራከራሉ። በስፋት የሚሰጠው ማብራሪያ እንዲህ ነው፦ ተኮማትሮ የቆየ ጡንቻ በውስጡ የሚያልፉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጫናል። የደም ዝውውሩ ሲቀንስ ኦክስጅንና ኃይል ያንሰዋል። ጡንቻ ለመላላትም ኃይል ስለሚያስፈልገው እንደተወጠረ ይቆያል፤ ሕመም የሚቀሰቅሱ ኬሚካሎችም ይጠራቀሙበታል።

የሚያምበት ቦታ ሁሉ የሕመሙ ምንጭ አይደለም

የቋጠሮ ሕመም ከተነሣበት ርቆ ሊሰማ ይችላል። በትከሻ ላይኛው ክፍል ያለ ቋጠሮ እስከ ጆሮ ግንድ የሚደርስ ራስ ምታት ያስከትላል። በመቀመጫ ጡንቻ ያለው ደግሞ እግርን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል። አሜሪካዊቷ ሐኪም ጃኔት ትራቬል ይህን የሕመም መንገድ በስፋት አጥንተዋል። ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ. ኬኔዲን ያከሙት እኒህ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1961 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የግል ሐኪም በመሆን የመጀመሪያዋ ሴት ነበሩ።

መንስኤዎቹ

ዋናው መንስኤ አንድን ጡንቻ ያለ ዕረፍት ማሠራት ነው። አራሹ በአንድ እጁ እርፉን ተጭኖ በሌላው ጅራፍ ሲይዝ ጫናው በሁለቱ ትከሻዎች ላይ እኩል አያርፍም። 20 ሊትር ውኃ የያዘ ጄሪካን 20 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ በጀርባ ሲታዘልም ወገብን ወደ ፊት ያጎብጣል።

ከባድ ሥራ ብቻም አይደለም። የሰው ራስ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ይመዝናል። አንገታችንን ደፍተን ስልክ ስናይ የማጅራት ጡንቻዎች ይህን ክብደት ያለ ዕረፍት ጎትተው ይይዛሉ። ጭንቀት፣ የእንቅልፍ እጦትና አደጋም መንስኤ ሊሆኑ ይችላሉ።

በቤት ውስጥ ምን ማድረግ ይቻላል?

በመጀመሪያ ሕመሙን ያመጣውን ሥራ ለአንድና ለሁለት ቀን መቀነስ ነው። ሙሉ ቀን መተኛት ግን ጡንቻውን ይበልጥ ያደርቀዋልና ቀላል እንቅስቃሴ ይመረጣል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ሙቅ ውኃ በኮዳ ሞልቶ፣ በፎጣ ጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በቦታው ላይ ማሳረፍ ደምን ያዘዋውራል። የስኳር ሕመም ያለባቸውና ቆዳቸው የደነዘዘ ሰዎች ቃጠሎ ላይሰማቸው ስለሚችል ሌላ ሰው ሙቀቱን ይለካላቸው። አዲስ የተመታና ያበጠ ቦታ ላይ ግን ሙቀት አይደረግም።

ሦስተኛው ረጋ ያለ ጫና ነው። ቋጠሮውን በጣት ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ መጫን፣ ከዚያም ቀስ ብሎ መልቀቅ ይገባል። እጅ ለማይደርስበት ጀርባ የጨርቅ ኳስ በግድግዳና በጀርባ መካከል አድርጎ መደገፍ ይቻላል። ኳሱ በአከርካሪ አጥንት ላይ ሳይሆን ከጎኑ ባለው ሥጋ ላይ ይረፍ።

አራተኛው ማፍታታት ነው። ለማጅራትና ለትከሻ፣ ጆሮን ወደ ትከሻ ቀስ ብሎ አዘንብሎ ለ20 ሰከንድ ያህል መቆየት፤ በሁለቱም ጎን ሦስት ጊዜ መደጋገም።

እንደ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ለጥቂት ቀናት ሊረዱ ይችላሉ። ሆኖም አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ላለባቸውና ለነፍሰ ጡሮች ጉዳት ሊያመጡ ስለሚችሉ ያለ ሐኪም ምክር አይወሰዱም።

ስለ መታሸት ጥንቃቄ

በአካባቢያችን ወጌሻ ዘንድ ሄዶ መታሸት የቆየ ልማድ ነው። ለስላሳ እሽታ ሕመምን ያቀላል። “ካላመመ አይድንም” በሚል በኃይል መጫን ግን ጡንቻን ያቆስላል። አንገትን በድንገት መጠምዘዝ የደም ሥርና ነርቭን ሊጎዳ ይችላል። ከወደቁ በኋላ የመጣ ሕመም ከመታሸቱ በፊት በጤና ተቋም መታየት ይኖርበታል።

ሳይዘገይ ወደ ሕክምና የሚያስኬዱ ምልክቶች

ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ የደረት ሕመም፣ በተለይም ላብና የትንፋሽ ማጠር ካለው፣ የልብ ሕመም ሊሆን ይችላልና ድንገተኛ ሕክምና ያስፈልገዋል። የአንድ እግር ባት ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ፈጽሞ መታሸት የለበትም። የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ በብልት አካባቢ መደንዘዝ፣ ሽንትን ወይም ሰገራን መቆጣጠር አለመቻል፣ ትኩሳት፣ ያለ ምክንያት መክሳትና እያደገ የሚሄድ እብጠትም ቸል አይባሉም። እነዚህ ባይኖሩም ሕመሙ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ሐኪም ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ማማከር ይገባል።

ዳግም እንዳይመጣ

ቋጠሮው ቢፈታም የሥራው አኳኋን ካልተለወጠ ተመልሶ ይመጣል። አርሶ አደሩ እርፍ የያዘበትን እጅ ማፈራረቅ፣ አጫጁም በየግማሽ ሰዓቱ ቀና ብሎ ወገቡን ማፍታታት ይችላል። ውኃውን በአንድ ትልቅ ጄሪካን ከማዘል በሁለት ትናንሽ ከፍሎ በሁለት እጅ መያዝ ጫናውን ያመጣጥናል። ሸክም ሲነሣ ወገብ ሳይሆን ጉልበት ይታጠፍ። የቢሮ ሠራተኛም የኮምፒውተሩን መስኮት ከዓይኑ ትይዩ አድርጎ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ከመቀመጫው ይነሣ። በሥራ መሐል የሚወሰዱ እነዚህ ጥቂት ደቂቃዎች ሥራ የሚያስፈቱ ቀናትን ይቀንሳሉ።