ስለ ጎረቤት መብት መቆም

በአንድ አገር ውስጥ ልዩ ልዩ ሃይማኖት መኖሩ ለዚያ አገር ሕዝብ በረከት ሊሆን ይችላል፤ መርገምም ሊሆን ይችላል። ይህን የሚወስነው የሃይማኖቱ ብዛት ሳይሆን የሰዎቹ ጠባይ ነው። ስለዚህ ነገር በተነሣ ቁጥር ከሁሉ ይልቅ የሚሰማው ቃል «ተቻችሎ መኖር» የሚለው ነው። መቻል መልካም ነገር ነው፤ ከመጣላትም እጅግ ይሻላል። ነገር ግን ሰው ብርድን ይችላል፤ ሸክምን ይችላል፤ ሕመምንም ይችላል። እንግዲህ ጎረቤታችንን «ቻልነው» ብቻ ብንል ከሸክምና ከሕመም ጋር ቆጠርነው ማለት ነው። ከመቻል በላይ የሆነ ሌላ ደረጃ አለ፤ ይኸውም ለራሳችን የምንሻውን መብት ለጎረቤታችንም መሻት፣ እርሱ ሲበደልም በደሉን እንደ ራሳችን ቆጥረን ስለ እርሱ መቆም ነው። የአገራችን ታሪክ ሁለቱንም ደረጃ፣ ከሁለቱም በታች የሆነውንም ያሳየናልና ጥቂት እንመልከት።

በአዲስ አበባ መካከል፣ ከካዛንቺስ ወደ ታች ሲወረድ፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያንና በስታዲየሙ መካከል አንድ ሰፊ ስፍራ አለ፤ እርሱም መስቀል አደባባይ ነው። ስሙን ያገኘው ንግሥት እሌኒ የክርስቶስን መስቀል ማግኘቷን ለማሰብ በየዓመቱ መስከረም 16 ቀን ከሚበራው ደመራ ነው። ነገር ግን ያ ስፍራ በዓመቱ ውስጥ የሚያየው ክርስቲያኑን ብቻ አይደለም። የኢድ ሶላት ዕለት ስታዲየሙ ሞልቶ ሲተርፍ ነጭ የለበሰው ሕዝበ እስላም እስከ አደባባዩ ድረስ ተሰልፎ ይሰግዳል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህም ከመስቀል በኋላ ብዙ ሳይቆይ፣ ከዚያው ብዙ በማይርቀው በሆረ ፊንፊኔ የኢሬቻ ምስጋና ይደረጋል፤ እርጥብ ሣርና አበባ የያዘውም ሕዝብ በዚያ አካባቢ ይጐርፋል። በቅርብ ዓመታት ለደመራው እስላም ወጣቶች አደባባዩን ሲጠርጉ፣ ለኢድም ክርስቲያን ወጣቶች የሶላቱን ስፍራ ሲያጸዱ ታይቷል። ይህን የሚያይ ሰው «ኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነበረች» ሊል ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

ታሪኩ የጀመረው በመልካም ሥራ ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ615 ገደማ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች በመካ መከራ በጸናባቸው ጊዜ ባሕር ተሻግረው ወደ አክሱም ንጉሥ መጡ። የቁረይሽ መኳንንትም እጅ መንሻ አስይዘው መልእክተኞች ላኩና ስደተኞቹ ተላልፈው እንዲሰጧቸው ጠየቁ። የእስልምና ታሪክ እንደሚተርከው ንጉሡ እጅ መንሻውን አይተው አልፈረዱም፤ ስለ ስደተኞቹ የሚናገረውን ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብን አቁመው ቃሉን ሰሙ፤ ከሰሙም በኋላ እጅ መንሻውን መልሰው ስደተኞቹን በአገራቸው አስቀመጡ። ልብ አድርጉ፤ ንጉሡ እንግዶቹን ችለው ዝም አላሉም፤ በከሳሾቻቸው ፊት ስለ እነርሱ ቆሙ እንጂ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ሁሉ ግን እንዲህ አልነበረም። ከ1521 እስከ 1535 ዓ.ም. በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ዘመቻ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ብዙ ክርስቲያንም በግድ ሃይማኖቱን ለወጠ። በጎንደር፣ በቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ ዘመን፣ እስላሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ታወጀ። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጊዜ ደግሞ በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ትእዛዝ የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ ተገደዱ። መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ሌሎች ተሰደዱ፤ እንደ ሼህ ጠልሃ ያሉትም እንቢ ብለው ታገሉ። ብዙው ሕዝብ ግን በቀን ክርስቲያን፣ በሌሊት እስላም ሆኖ ኖረ ይባላል። ከዚህ የምንማረው ሰይፍ የሰውን ስም ሊለውጥ እንደሚችል፣ ልቡን ግን ሊለውጥ እንደማይችል ነው። በዳዩ አንድ ጊዜ አንዱ፣ ሌላ ጊዜም ሌላው ሆኗልና «በደል የማያውቀው የእኔ ወገን ብቻ ነው» ብሎ የሚመጻደቅ ሰው ታሪክን ገና አላነበበም።

የእኒያ የሚካኤል ልጅ ልጅ ኢያሱ በአዲስ አበባ በነገሡ ጊዜ ሁለቱን ወገኖች ለማቀራረብ ሞከሩ። የቀጨኔ መድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ተከሉ፤ መስጊድም አሠሩ። ጠባያቸው የሚነቀፍ ብዙ ነገር ነበረው፤ በዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ ቱርክና ወደ ጀርመን ማዘንበላቸውም የእንግሊዝን፣ የፈረንሳይንና የኢጣሊያን መልእክተኞች አስቆጥቶ ነበር። ከዙፋን ሲወርዱ ግን የቀረበባቸው ዋናው ክስ «እስላም ሆነዋል» የሚል ነበር። የወረዱትም መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል ዕለት ነው። ከአንድ ወር በኋላ በሰገሌ ብዙ ሺህ ወገን እርስ በርሱ ተላለቀ። እውነተኛ ምክንያቱ የሥልጣን ጠብ ሲሆን ሃይማኖት ሰይፍ መምዘዣ ሆነ። የኢጣሊያ ፋሺስቶችም በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲይዙ ይህንኑ ቁስል አግኝተው ነኩት፤ መስጊድና የዓረብኛ ትምህርት ቤት እየሠሩ እስላሙን የሚወዱት መስለው በክርስቲያኑ ላይ ሊያነሡት ደከሙ። ይሁን እንጂ በኦጋዴን እንደ ዑመር ሰመተር ያሉ እስላም ጀግኖች ወራሪውን ተዋግተዋል። ባዕድ የሚገባው በተሰነጠቀ ግድግዳ ነውና ስንጥቁን አስቀድሞ የከፈትነው እኛው መሆናችንን መርሳት አይገባም።

ከነጻነት በኋላ ሰላም ሆነ። «አገር የጋራ ነው፤ ሃይማኖት የግል ነው» የሚለውም ቃል ተደጋግሞ ተነገረ። በመንደር ያለው ጉርብትና ጥሩ ነበር፤ ክርስቲያኑ ድግስ ሲደግስ ለእስላም እንግዶቹ የሚሆነውን ከብት በእስላም እጅ ያሳርድ ነበር፤ ድስቱንም ያስለይ ነበር። ሰው ሲሞት የዕድሩ ድንኳን ለሁሉም ይተከል ነበር። በሕግና በመንግሥት ዘንድ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንድ በኩል ማንም ሰው በሃይማኖቱ እንዳይከለከል ይደነግጋል፤ በሌላ በኩል በ126ኛው አንቀጽ የኦርቶዶክስን ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ያደርጋል። የእስላሙ በዓል የሥራ ቀን ነበር። በብዙ ስፍራም ለእስላም ርስት መያዝ አስቸጋሪ ነበር። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ አጠራሩ ነው፤ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ በዚህ አፈር የተቀበረው ሕዝብ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» ይባል ነበር። በቤቱ የተወለደ ልጅ «በቤታችን የሚኖር» ቢባል ምን ይሰማዋል?

በ1966 ዓ.ም. አገሩ በጥያቄ በተናወጠ ጊዜ እስላሞችም ጥያቄያቸውን በ13 ክፍል ጽፈው ለጠቅላይ ሚኒስትር ልጅ እንዳልካቸው መኮንን መንግሥት አቀረቡ። በዓላችን ይከበር፤ መሬት የመያዝ መብት ይኑረን፤ ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ፤ የራሳችን አገር አቀፍ ምክር ቤት ይኑረን፤ «ኢትዮጵያውያን እስላሞች» እንባል የሚሉት ከጥያቄዎቹ መካከል ናቸው። ሚያዝያ 12 ቀንም በአዲስ አበባ መንገዶች ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ ተደረገ። ወደ 100,000 የሚደርስ ሰው እንደ ነበረ ይነገራል። የዚያ ቀን ትልቁ ነገር ግን ቁጥሩ አይደለም፤ በሰልፉ ውስጥ ከእስላሞቹ ጋር ክርስቲያኖችም መኖራቸው ነው። እነዚያ ክርስቲያኖች ሃይማኖታቸውን አልካዱም፤ መስቀላቸውንም ከአንገታቸው አላወለቁም። ለራሳቸው የሚጨመርላቸው ነገርም አልነበረም፤ እንዲያውም ለእነርሱ ወገን ብቻ የነበረው ብልጫ እንዲቀር ነበር የሚጠይቁት። ጎረቤታቸው በግቢው ውስጥ እንደ እንግዳ መቆጠሩ ስላሳፈራቸው ብቻ ወጡ። ያ ሰልፍ የአክሱም ንጉሥ ፍርድ ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በሕዝብ እግር ሲሄድ የታየበት ቀን ነው።

ከጥያቄዎቹ አንዳንዶቹ ፈጥነው ተመለሱ። በ1967 ዓ.ም. ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ የሕዝብ በዓል ሆኑ። ነገር ግን ደርግ በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው ወሰደ። አደባባዩ ስሙ ተለውጦ አብዮት አደባባይ ተባለ፤ በዚያም ስለ ደም ተፎከረ። በ1971 ዓ.ም. ክረምት ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መሪ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በድብቅ ተገደሉ። በሕይወት ሳሉ በትምህርት የተለያዩት ሁለቱ አባቶች በአንድ ክረምት አንድ ዐይነት ሞት ሞቱ። በአደባባዩ ዳር በ2002 ዓ.ም. በተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የተሰቀለውን ፎቶግራፍ ሄዶ የተመለከተ ሰው ገዳዩ የክርስቲያኑን ልጅ ከእስላሙ ልጅ እንዳልለየ ያያል። እኩልነት ያለ ነጻነት ሲሰጥ እንዲህ ነው፤ ሁሉም በአንድነት ይገፋል።

በኋላ አደባባዩ የቀድሞ ስሙን አገኘ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ደነገገ። የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ግን በአዋጅ የቆመው በ2012 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ጊዜ የወንጌል አማኞችም ምክር ቤት በአዋጅ ታወቀ። በ1966 የተጠየቀው በ46 ዓመቱ ተመለሰ ማለት ነው። ሕጉ ከተስተካከለ በኋላ ደግሞ በተራው ጉርብትናው ታመመ። በ2010 ዓ.ም. በጅጅጋ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ በ2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ጊዜ የእነዚያ የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች መታሰቢያ የሆነው የነጋሽ መስጊድ ተጎዳ፤ በ2014 ዓ.ም. በጎንደር በቀብር ላይ የነበሩ እስላሞች ተገደሉ። በመስቀል አደባባይም በ2013 ዓ.ም. የጋራ ኢፍጣር ሊደረግ በታሰበ ጊዜ «ስፍራው የማን ነው?» የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር።

ስለዚህ ክርክር ሁለቱንም ወገን በቅንነት መስማት ይገባል። ክርስቲያኑ «ስሙ መስቀል ነው፤ ደመራው የአባቶቼ ነው፤ ስፍራዬን እንዳላጣ እፈራለሁ» ይላል። ይህ ፍርሃት ንቀት አይገባውም። እስላሙም «አደባባይ የከተማው ነው፤ እኔም የከተማው ልጅ ነኝ» ይላል። ይህም ሐሰት አይደለም። ለሁለቱም የሚሆነው መልስ በዚያ በድግሱ ቤት አለ። ለእስላም እንግዶቹ ድስት የሚያስለየው ክርስቲያን የራሱን ወጥ አልተወም፤ የእንግዳውንም ወጥ አልከለከለም፤ ሁለቱም በአንድ ድንኳን በሉ። ደመራው በቀኑ በሙሉ ክብሩ ይብራ፤ ሶላቱም በቀኑ በሙሉ ክብሩ ይሰገድ። የአንዱ ቀን ከሌላው ቀን ምንም አይቀንስም። የሚቀንሰው አንዱ ለሌላው ቀን ዘበኛ መሆኑን ትቶ ጠላት ሲሆን ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ! ስለ ሃይማኖት ፍቅር ብዙ ንግግር ሰምተሃል፤ ገናም ትሰማለህ። ራስህን ግን በአንድ ነገር መርምር። የራስህ ወገን ሲበደል መጮኽ ለማንም አይከብድም። የሌላው መስጊድ፣ የሌላው ቤተ ክርስቲያን፣ የሌላው መልካ ሲነካ ድምፅህ ያው ነውን? ክፉ ወሬ ስለ ሌላው ሃይማኖት ሲመጣልህ እውነቱን ሳትመረምር ለጓደኛህ ታሳልፋለህን? የወገንህ ሰው ሲያጠፋ «አጥፍተሃል» ለማለት ትደፍራለህን? ይህን ካደረግህ ከመቻል በላይ ወዳለው ደረጃ ወጥተሃል። ካላደረግህ ግን አደባባዩን መቶ ጊዜ ብትጠርግ መጥረጊያህ እንጂ ልብህ አልሠራም።

አባቶቻችን «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ብለዋል። ጎረቤት የሚሻለው ግን እሳት በተነሣ ሌሊት ውሃ ይዞ ሲመጣ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ስማቸው ያልተጻፈ ክርስቲያኖች ለጎረቤቶቻቸው እንዲህ መጥተው ነበር። ያ ብድር አልተከፈለም፤ ሊከፈልም የሚችለው ሁሉም በየተራው ስለ ሌላው ሲቆም ብቻ ነው።