አሳታሚ፦ ደራሲው

ባለፈው ክረምት አንዲት ወዳጃችን የግጥም መጽሐፍ አሳተመች። አንድ ሺህ ቅጂ! ማተሚያ ቤቱ መጽሐፉን በካርቶን አሽጎ አስረከባት፤ እኛም ተሰባስበን በሚኒባስ ጭነን ቤቷ ወሰድነው። አራተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው፤ ሊፍቱ እንደ ልማዱ አይሠራም። ካርቶኖቹ ግማሹ አልጋ ሥር፣ ግማሹ ቁም ሳጥን ላይ፣ የተረፈው ደግሞ ሳሎን ከሶፋው ኋላ ገባ። እናቷ ዝም ብለው ሲያዩን ቆዩና ‹‹ልጆቼ፣ ይሄ ሁሉ ግጥም መቼ ነው ተሸጦ የሚያልቀው?›› አሉን። እኛ ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም። ለማተሚያው የከፈለችው የደረሳትን እቁብ ነበርና።

የዚያን ቀን ማታ ከካርቶኖቹ አንዱን ከፍተን የመጀመሪያዎቹን ገጾች ስናገላብጥ አንዲት አጭር መስመር ዓይናችን ገባች፦ ‹‹አሳታሚ፦ ደራሲዋ››። ቤታችን ገብተን መደርደሪያችን ላይ ያሉትን መጻሕፍት ብናይ ብዙዎቹ ያው ናቸው። አንዳንዶቹ ደግሞ የአሳታሚ ስም ጭራሽ የላቸውም፤ ‹‹መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው›› ይሉና በቀጥታ ወደ ምስጋና ይገባሉ። እስቲ እናንተም መደርደሪያችሁን እዩት።

በአማርኛ አታሚና አሳታሚ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። አታሚ ለወረቀቱ፣ ለቀለሙና ለጥረዛው አስከፍሎ ያትማል፤ መጽሐፉ ተሸጠ አልተሸጠ ጉዳዩ አይደለም። አሳታሚ ግን ረቂቁን አንብቦ፣ አምኖበት፣ ኪሳራውን እሸከማለሁ ብሎ የሚገባበት ነው። አገራችን አታሚ አጥታ አታውቅም ማለት ይቻላል። አሳታሚ ግን ሁልጊዜ ብርቅ ነበር። እንግዲህ ይህ ብርቅ በሆነበት አገር ሥነ ጽሑፋችን በምን ቆመ? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው። መልሳችንን አስቀድመን እንናገር፦ የቆመው በሁለት እግር ነው፤ አንዱ የደራሲው ኪስ፣ ሌላው የሚነበብበት መድረክ።

ከመጀመሪያው እንጀምር። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ተብሎ የሚጠራው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ‹‹ልብ ወለድ ታሪክ›› የታተመው አዲስ አበባ ሳይሆን ሮም ነው፤ በ1900 ዓ.ም.። ደራሲው ያን ጊዜ ኢጣሊያ አገር አማርኛ ያስተምሩ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በስሙ የሚጠራው ጋዜጣ ደግሞ በ1917 ዓ.ም. መውጣት ጀመረ። ባለቤቱ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ነበሩ። ማተሚያው የመንግሥት ሰው እጅ ውስጥ ከሆነ ምን እንደሚታተም የሚወስነው ማን እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሌላ መንገድ ሞከሩ። ጎሐ ጽባሕ የተባለ የራሳቸውን ማተሚያ ቤት አቆሙና የራሳቸውን ሥራዎች በዚያ ማተም ያዙ። በ1925 ዓ.ም. የወጣው ‹‹አዲስ ዓለም›› ከእነዚያ አንዱ ነው። ደራሲም፣ አታሚም፣ አሳታሚም አንድ ሰው! ‹‹አነስተኛ ማተሚያ›› የሚባለውን ነገር ዛሬ ከውጭ እንደመጣ ፋሽን ለሚያወሩ ወዳጆቻችን ይህንን ማስታወስ ደስ ይለናል። ነገር ግን ኅሩይ ተራ ሰው አልነበሩም፤ ከፍ ያለ የመንግሥት ሹም ነበሩ። የጠላት ወረራ ሲመጣ ስደት ገቡ፤ በ1931 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር አረፉ።

የኅሩይን ያህል ሹመትና ገንዘብ የሌለው ጸሐፊስ? እሱ ሁለተኛውን እግር ነበር የሚጠቀመው። ድምፁን።

ይህ ደግሞ አዲስ ነገር አልነበረም። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ያውቀዋል። ባለ ቅኔ ለበዓሉ አዲስ ቅኔ ያዘጋጃል፤ በማኅሌት መሀል ይዘርፈዋል፤ ያደመጠ አደመጠው፣ ያመለጠው አመለጠው። ያንኑ ቅኔ በሚቀጥለው በዓል ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። ወረቀት አልነካም፣ ማተሚያ አላየም። ግን በሊቃውንት ፊት ቀርቧል፣ ተመዝኗል፣ ያማረው ደግሞ በቃል ተይዞ ከደብር ደብር ሄዷል። ይህ ማሳተም ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ይኸው ልማድ በ1950ዎቹ ሱፍ ለብሶ ኮሌጅ ገባ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በየዓመቱ የኮሌጅ ቀን ይከበር ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የሚታደሙበት በዓል ነው። ከዝግጅቱ አንዱ የተማሪዎች የግጥም ውድድር ነበር። በ1953 ዓ.ም. የታኅሣሡ መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ ከጥቂት ወራት በኋላ ታምሩ ፈይሳ የሚባል ተማሪ መድረክ ላይ ወጥቶ ‹‹ደሃው ይናገራል›› የተሰኘ ግጥም አነበበ። ርእሱ ብቻውን ይበቃል። የዮሐንስ አድማሱ ‹‹እስቲ ተጠየቁ›› እና በ1959 ዓ.ም. የቀረበው የኃይሉ ገብረ ዮሐንስ (ገሞራው) ‹‹በረከተ መርገም››ም የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልን። በዚያ ዘመን መጽሐፍ ለማሳተም ረቂቅ ሳንሱር ማለፍ ነበረበት። ሳንሱሩ ቁጭ ብሎ፣ ጊዜ ወስዶ፣ በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዛል። መድረክ ላይ የተነበበን ግጥም ግን ማን ይሰርዘዋል? ሰሚው ሰምቷል። አንባቢውን ማሰር ይቻላል፤ ከሰሚው ጆሮ ስንኙን ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ግጥሙ በመጽሐፍ ሳይወጣ በተማሪው አፍ ታተመ። ዮሐንስ አድማሱ በ‹‹እስቲ ተጠየቁ›› ርእስ የተሰበሰቡት ግጥሞቹ በመጽሐፍ ወጥተው አላየም። መጽሐፉ የወጣው እሱ ካለፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1990ዎቹ ነው። ግጥሙ ግን ያን ሁሉ ዓመት መጽሐፉን ሳይጠብቅ ኖሯል።

ደርግ ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ አሳታሚ የሚባል ነገር በሰፊው ተገኘ፤ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት። የመንግሥት ቢሆንም እውነቱን እንናገር፦ ኩራዝ ብዙ ደራሲ አሳትሟል። ደራሲው የራሱን እቁብ ሳያፈርስ መጽሐፉ ወጥቶለታል። ዛሬ በየአዟሪው እጅ የምናያቸው፣ ወላጆቻችን በወጣትነታቸው ያነበቧቸው ብዙ ልብ ወለዶች የዚያ ቤት ናቸው። ዋጋው ግን ሌላ ነበር። በ1975 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማን ‹‹ኦሮማይ›› ያወጣው ይኸው ኩራዝ ነው። መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉ ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። አስቀድሞ የተገዛው ቅጂ ግን በጋዜጣ ተሸፍኖ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ጀመር። ትልቁ አሳታሚ ሲፈራ አንባቢው ራሱ አከፋፋይ ሆነ።

ድምፅም ቢሆን በዚያ ዘመን ዝም አላለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር›› አገር ያወቀው በመጽሐፉ ብቻ አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ማንበብ የማይችለውም ሰው ከበዛብህና ከሰብለ ጋር አለቀሰ። ዛሬም መጽሐፉን ገልጠው የወጋየሁን ድምፅ የሚሰሙ ሰዎች ሞልተዋል። አንድ ሰው፣ አንድ ማይክሮፎን፣ አንድ መጽሐፍ። ከዚያ የበለጠ የንባብ መርሐ ግብር አገራችን አይታ ታውቃለች?

በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34 ወጣ፤ ቅድመ ሳንሱር በሕግ ቀረ። በየመንገዱ ጋዜጣና መጽሔት ፈላ፤ የሚጽፍ ሁሉ ጻፈ። ቀይ እስክሪብቶው ከበሩ ላይ ሲነሣ ግን ከኋላው ቆሞ የነበረው ሌላው ዘበኛ ታየ፤ ገንዘብ። የዛሬው ደራሲ አካሄድ ይህን ይመስላል፦ ረቂቁን ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ያስተይባል፣ እርማቱን ለጓደኛ ይሰጣል፣ ሽፋኑን የሚሠራለት የሠፈር ልጅ ይፈልጋል፣ ለማተሚያ ቤቱ ቀብድ ይከፍላል፣ የወረቀት ዋጋ ጨመረ ሲባል ደግሞ ይበደራል። መጽሐፉ ሲወጣ ለአከፋፋይ በዱቤ ያስረክባል፤ ከሽፋኑ ዋጋ የአከፋፋዩና የመደብሩ ድርሻ ይቆረጣል፤ የቀረውን ለመሰብሰብ መመላለስ ነው። ለዚህ ነው የመጽሐፎቻችን የምስጋና ገጽ የሚረዝመው። ያ ገጽ የጨዋነት ብቻ አይደለም፤ የአንድ ሰው ማተሚያ ድርጅት የሒሳብ መዝገብ ነው። ያበደረው አጎት፣ በነጻ የተየበችው እህት፣ እርማት ያየው የድሮ አስተማሪ፣ ሁሉም እዚያ ተመዝግበዋል።

ታዲያ ይህ ደራሲ አንባቢውን ከየት ያገኛል? እንደገና ከመድረክ። የመጽሐፍ ምርቃት በሌላው አገር የማስታወቂያ ሥራ ይሆናል፤ እኛ ዘንድ ግን ዕዳ መክፈያ ቀን ነው። በፑሽኪን አዳራሽ፣ በወመዘክር፣ በሀገር ፍቅር ቴአትር መጽሐፍ ሲመረቅ በር ላይ ጠረጴዛ ይዘረጋል፤ ወዳጅ ዘመድ ያነበበውም የማያነበውም ይገዛል። በወመዘክር አዳራሽ በመጽሐፍ ላይ ውይይት ሲካሄድ ደራሲው ፊት ለፊት ተቀምጦ ይሞገሳል፣ ይተቻል። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ደግሞ ‹‹ግጥም በጃዝ›› መጣ። ራስ ሆቴል አዳራሽ በየወሩ ወጣቱ ትኬት ቆርጦ፣ ወንበር ሞልቶ፣ የተረፈው ግድግዳ ተደግፎ ግጥም ሰማ። ኳስና ፊልም ብቻ ነው የሚወዱት ሲባል የነበረው ትውልድ ለግጥም ብር ከፈለ!

እስካሁን መድረኩን አሞገስን። ግን ጋዜጠኝነት ስንማር ሌላውንም ወገን ስሙ ተብለናልና እንሰማለን። መድረክ ጭብጨባ ይወዳል። ጭብጨባ ደግሞ አጭር፣ መጨረሻው ላይ ዱብ የሚል ስንኝ ይወዳል። በየምሽቱ የምንሰማቸው ብዙ ግጥሞች ለምን እንደሚመሳሰሉ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ቀስ ብሎ የሚገባው፣ ሁለቴ መነበብ የሚፈልገው ግጥም አዳራሽ ውስጥ ይሸነፋል። ራስን ማሳተምም ሌላ ጉድለት አለው፤ አርታዒ የለም። ‹‹ይሄን ምዕራፍ አውጣው›› የሚል ሰው ለማግኘት ያ ሰው ደመወዝ ያስፈልገዋል፤ እቁብ ደግሞ ለአርታዒ አይተርፍም። ወዳጅ አንባቢ ያመሰግናል እንጂ አይሰርዝም። አሳታሚ ማጣታችን ያስከፈለን ዋጋ ይኸው ነው፤ ገንዘቡን በብድር ሞላነው፣ አርታዒውን ግን አልሞላነውም።

ሦስተኛው ጉድለት እኛን ይመለከታል። መጽሐፍ ወመዘክር ይገባል፤ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የልጅ ልጅ መጥቶ ሊያገኘው ይችላል። ምሽት ግን የት ይገባል? ማን አነበበ፣ ምን ተነበበ፣ ስንት ሰው መጣ፣ ማን ተነሥቶ ምን ጠየቀ? ከኮሌጅ ቀን ግጥሞች ዛሬ የምናውቃቸው የደፈሩትንና የታወቁትን ነው። ከእነሱ ቀጥሎ ወጥታ፣ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ አንብባ የተቀመጠች ተማሪ ብትኖር ማን ይነግረናል? ለዚህ ትውልድ ምሽቶችም የሚጠብቃቸው ይኸው ነው። በስልክ የተቀረጸው ስልኩ ሲሰረቅ ይጠፋል፤ የግድግዳው ፖስተር በሌላ ፖስተር ይሸፈናል። ግማሹ ሥነ ጽሑፋችን በአፍ ከታተመ፣ ምሽቱን አለመመዝገብ መጽሐፍ ከማቃጠል በምን ይለያል? ክፋቱ ቢቀር ውጤቱ አንድ ነው።

ወደ ወዳጃችን እንመለስ። ካርቶኖቹ ከገቡ ከወር በኋላ አንዲት ትንሽ ካፌ ውስጥ የንባብ ምሽት አዘጋጀንላት። ወንበሩ ሠላሳ ነበር፤ ሃያ ስድስቱ ሞላ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ግጥሞች ተጨበጨበላቸው። ሦስተኛው ስለ እናቷ እጅ የሚያወራ ዝግ ያለ ግጥም ነው፤ ስትጨርስ ማንም አላጨበጨበም። ወዳጃችን ደነገጠች፤ ቶሎ ብላ ወደ አራተኛው አለፈች። ምሽቱ አልቆ ጠረጴዛ ስንሰበስብ ማኪያቶ ስታመላልስ የነበረችው አስተናጋጅ መጣችና ‹‹ያቺን ሦስተኛዋን ድገሚልኝ፣ ሥራ ላይ ሆኜ ግማሿ አመለጠችኝ›› አለቻት። ባዶ አዳራሽ ውስጥ፣ ለአንድ ሰው፣ ቆማ ደገመችላት። አስተናጋጇ መጽሐፉን ገዛች፤ ዋጋውን ቀንሺ አላለችም።

በዚያ ምሽት የተሸጠው አሥራ አንድ ቅጂ ነው። እኛም ማስታወሻ ደብተር ገዝተን የመጀመሪያውን ገጽ ሞላነው፦ ቀኑን፣ ካፌውን፣ የተነበቡትን ግጥሞች ርእስ፣ የመጣውን ሰው ብዛት፣ ሦስተኛዋ ግጥም ሁለቴ መነበቧን። እናንተም በየከተማችሁ የምትሄዱበት ምሽት ካለ እባካችሁ ደብተር ያዙ።

ዘጠኝ መቶ ምናምን ቅጂ ደግሞ አሁንም አራተኛ ፎቅ ላይ አለ። ሊፍቱ አልተሠራም፤ ለመሸከም ግን ዝግጁ ነን።