ከዶሮ ቀረጥ እስከ ፕሪየስ፦ ፒክአፑ ነዳጅ መቆጠብ ለምን ዘገየበት?

የአሜሪካ ፒክአፕ ለምን ያን ያህል ነዳጅ እንደሚጠጣ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ከሞተሩ አይጀምርም። ከዶሮ ነው የሚጀምረው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ርካሽ የአሜሪካ ዶሮ የምዕራብ ጀርመንን ገበያ ሲያጥለቀልቅ አውሮፓውያኑ ቀረጥ ጣሉበት። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1963 መጨረሻ አጸፋውን መለሱ። ከውጭ በሚገባ የድንች ስታርች፣ ዴክስትሪን፣ ብራንዲ እና ቀላል የጭነት መኪና ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ተጣለ። የሦስቱ ከጊዜ በኋላ ተነሣ። የጭነት መኪናው ቀረ። የውጭ አምራቾች በቤት መኪና በኩል ዲትሮይትን መውጫ መግቢያ ሲያሳጧት፣ በፒክአፕ በኩል ግን አጥር ቆመላት።

አሥር ዓመት ሳይሞላ 1973 መጣ። የአረብ ነዳጅ ላኪዎች በጥቅምት ማዕቀብ ጣሉ፣ የድፍድፍ ዋጋ በጥቂት ወራት ከ3 ዶላር ገደማ ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። አሜሪካ ውስጥ ማደያ ላይ ሰልፍ ሆነ። እኛ ዘንድ ያመጣውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ ሳቢያ አድማ መቱ፣ መንግሥትም ዋጋውን መልሶ ለመቀነስ ተገደደ። ዙፋኑን ግን ቅናሹ አላዳነውም።

የአሜሪካ መልስ ሕግ ነበር። በ1975 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ የፈረሙት አዋጅ እያንዳንዱ አምራች የሚሸጣቸው የቤት መኪኖች አማካይ በ1985 በጋሎን 27.5 ማይል፣ ማለትም በሊትር 11.7 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲደርስ አዘዘ። ለቀላል የጭነት መኪናዎች ግን ለብቻቸው ዝቅ ያለ ደረጃ ተፈቀደላቸው። ምክንያቱ በጊዜው ምክንያት ነበር፤ ፒክአፕ የገበሬና የግንበኛ መሣሪያ ነው፣ በዚያ ላይ ከአምስት አዲስ መኪና አንዱ ያህል ብቻ ነበር።

ሕግ በር ከከፈተ ነጋዴ ይገባል። በ1984 ጂፕ ቸሮኪ ወጣ፣ በ1990 ፎርድ ኤክስፕሎረር ተከተለ። የሚነዷቸው ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርሱ ወላጆች ሲሆኑ በሕጉ ዓይን ግን ሁለቱም «የጭነት መኪና» ነበሩ። ኮንግረሱ ለዓመታት በበጀት ሕግ ውስጥ ደረጃው እንዳይነካ የሚከለክል አንቀጽ ሲያስገባ ስለኖረ የጭነት መኪናው ደረጃ ከ1996 እስከ 2004 ባሉት ሞዴሎች በጋሎን 20.7 ማይል (በሊትር 8.8 ኪሎ ሜትር) ላይ ተቸነከረ። በ2003 ደግሞ የግብር ሕጉ አንድ ነጋዴ ከ6,000 ፓውንድ በላይ የሚመዝን መኪና ሲገዛ እስከ 100,000 ዶላር ድረስ በዚያው ዓመት ከግብር እንዲቀንስ ፈቀደ። ለአራሽ ትራክተር የታሰበው ቅናሽ ሐኪምና ጠበቃን ሃመር አስገዛ።

በዚሁ መሐል ጃፓን ሌላ ነገር ትሞክር ነበር። ቶዮታ በ1993 ጂ21 የሚል ፕሮጀክት ከፈተ፤ ቀጥሎም ኢንጂነር ታኬሺ ኡቺያማዳ እንዲመሩት ተሾሙ። መጀመሪያ የታሰበው የነዳጅ ቆጣቢነቱን በግማሽ ማሻሻል ነበር። አለቆቹ «እጥፍ ካልሆነ አንፈልግም» ሲሉ በተለመደ ሞተር እንደማይሆን ግልጽ ሆነ፣ ሃይብሪድ ብቸኛው መንገድ ሆኖ ቀረ። የመጀመሪያው የሙከራ መኪና በ1995 አልነሣም ብሎ መሐንዲሶቹን ከወር በላይ አለፋ፤ ሲነሣም ጥቂት መቶ ሜትሮች ሄዶ ቆመ። ፕሪየስ በታኅሣሥ 1997 ጃፓን ውስጥ ለሽያጭ ቀረበ፣ በ2000 አሜሪካ ገባ።

ያን ጊዜ መካኒክ ሁሉ አንድ ነገር ይል ነበር፤ ሁለት ዓይነት ሞተር ያለው ሁለት እጥፍ ይበላሻል። ጤናማ ግምት ነው፣ ግን ስሕተት ነበር። ፕሪየስ ውስጥ ፍሪሲዮን የለም። ማርሽ እየቀያየረ የሚያረጅ ካምቢዮም የለም፤ የቤንዚን ሞተሩንና ሁለቱን የኤሌክትሪክ ሞተሮች የሚያገናኘው ሁልጊዜ እንደተያያዘ የሚዞር አንድ የጥርስ ስብስብ ነው። ሞተሪኖና ዲናሞ የሉትም፣ ሥራቸውን የኤሌክትሪክ ሞተሮቹ ይሠሩታል። ከሦስተኛው ትውልድ ጀምሮ ቺንጋም ቀርቷል። ፍሬን ሲያዝ ፍጥነቱ ወደ ባትሪ ስለሚመለስ የፍሬን ሸራ ዕድሜው ይረዝማል። የቤንዚን ሞተሩም ሳይጨነቅ፣ በሚመቸው ዙር ነው የሚሠራው። የተጨመረው ነገር ብዙ ቢመስልም የተቀነሰው ቶሎ ቶሎ የሚያልቀው ዕቃ ነበር።

ማስረጃው ቆይቶ መጣ። ኮንሲውመር ሪፖርትስ የተባለው መጽሔት በ2011 ከ206,000 ማይል በላይ (332,000 ኪሎ ሜትር ገደማ) የተነዳ የ2002 ፕሪየስ ወስዶ ለካው። በጋሎን 40.4 ማይል ሄደ። ከአሥር ዓመት በፊት አዲሱን ሲለኩት 40.6 ነበር። ባትሪው የመጀመሪያው ነበር። የታክሲ ነጂዎች ይህን ከመጽሔቱ ቀድመው ደርሰውበታል፤ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ታክሲ የሚነዳ ዘመድ ያለው አንባቢ ደውሎ ይጠይቅ።

ጉድለት የለውም ማለት ግን አይደለም። በ2014 ቶዮታ በኢንቨርተር ችግር 1.9 ሚሊዮን ፕሪየሶችን ጠርቷል፣ የሦስተኛው ትውልድ ሞተርም በቴስታታ ጓርኒሲዮን ስሙ አይነሣም።

የዚህ ታሪክ ዋናው ስሕተት ግን ሃይብሪዱ የገባበት መኪና ነው። ሒሳቡ እንዲህ ነው። በከተማ በሊትር 11 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ትንሽ መኪና ያለው ሰው ወደ 20 ኪሎ ሜትር ቢያሳድገው፣ በ10,000 ኪሎ ሜትር 409 ሊትር ይተርፈዋል። 6 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሄድ ትልቅ መኪና ያለው ደግሞ ወደ 9 ቢያደርሰው? 556 ሊትር ይተርፈዋል። የመጀመሪያው ዜና ይሆናል፣ ሁለተኛውን ማንም አያየውም። የዱክ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሪቻርድ ላሪክና ጃክ ሶል በ2008 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ «በጋሎን ይህን ያህል ማይል» የሚለው አቆጣጠር ራሱ ሰውን ያሳስታል። ከ2013 ሞዴሎች ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት ለእያንዳንዱ 100 ማይል የሚፈጀው ጋሎንም በመኪናው መስኮት ላይ እንዲለጠፍ አደረገ።

ከ6 ወደ 9 የሚለው የተፈጠረ ምሳሌ አይደለም። ሸቭሮሌ ታሆ በ2008 ሞዴል ሃይብሪድ ሆኖ ሲወጣ የከተማ አጠቃቀሙ በጋሎን ከ14 ወደ 21 ማይል ያደገው በዚህ መጠን ነው። ነገር ግን ዋጋው ከ50,000 ዶላር በላይ ነበር። አካባቢ ጠባቂው ግዝፈቱን አይቶ ሳቀበት፣ ፒክአፕ ወዳዱ ደግሞ «ሃይብሪድ» የሚለውን ጽሑፍ አይቶ ሸሸው። ከ2013 ሞዴል በኋላ ምርቱ ቆመ። ብዙ ነዳጅ ሊያድን የሚችለው መኪና ገዢ አጥቶ ሞተ።

የፒክአፕ ባለቤቶች ክርክር ሙሉ በሙሉ ባዶ አልነበረም። ሃይብሪድ የሚያተርፈው በሚቆምና በሚነሣ መንገድ ላይ ነው። ከባድ ተጎታች ይዞ ረጅም አውራ ጎዳና ለሚሄድ ሰው የሚመለስ የፍሬን ኃይል ብዙም የለም፣ ጥቅሙም ይሳሳል፤ እዚያ ጥሩ ናፍጣ ሞተር ይሻለዋል። «ቀላል ሞተር አይከዳም» የሚለው እምነት ግን እየተሸረሸረ ነው። በ2024 ቶዮታ ወደ 100,000 የሚጠጉ ቱንድራና ሌክሰስ መኪኖችን ጠራ፤ የተነካው ሃይብሪዱ ሳይሆን ተራው ባለ ቱርቦ ሞተር ነበር፣ ምክንያቱም በፋብሪካ ውስጡ የቀረ የብረት ብናኝ። በ2025 ጄኔራል ሞተርስ አሜሪካ ውስጥ 600,000 የሚጠጉ ባለ 6.2 ሊትር ቪ8 ፒክአፖችና ትልልቅ መኪኖችን ጠራ። ኮንሲውመር ሪፖርትስ በ2023 ባወጣው ጥናት ሃይብሪዶች ከተለመዱት መኪኖች 26 በመቶ ያነሰ ችግር አሳይተዋል። ግድግዳ ላይ ተሰክተው የሚሞሉት ፕለግ ኢን ሃይብሪዶች ግን በዚያው ጥናት 146 በመቶ የበለጠ ችግር ነበረባቸው፤ ስለዚህ «ሃይብሪድ» ብሎ ሁሉንም በአንድ ከረጢት መክተት ገዢን ያስበላል።

ፎርድ በ2021 ማቨሪክ የተባለች ትንሽ ፒክአፕ አወጣ። ሃይብሪዱ ተጨማሪ የሚከፈልበት ቅንጦት አልነበረም፤ ያኔ ከ20,000 ዶላር በታች ይሸጥ የነበረው ዝቅተኛው ሞዴል ራሱ ነበር፣ በከተማ በሊትር 18 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ። በጥር 2022 የዓመቱ ትዕዛዝ ሞልቶ መዝገቡ ተዘጋ። ገዢው ፒክአፕ የሚቆጥብ ከሆነ አይፈልግም ሲባል የኖረው እዚህ ላይ ፈረሰ። ማቨሪክ የሚገጣጠመው ሜክሲኮ ነው፤ ሲወጣ በሰሜን አሜሪካ የንግድ ስምምነት ጥላ ሥር ስለነበረ የዶሮው ቀረጥ አልነካውም።

በሐምሌ 2025 የጸደቀው የአሜሪካ የግብርና የበጀት ሕግ የነዳጅ ቆጣቢነት ደረጃውን ያላሟላ አምራች የሚከፍለውን ቅጣት ዜሮ አድርጎታል። ደረጃው በወረቀት ላይ አለ፣ የሚያስከፍል የለም። በጭነት መኪና ላይ ያለው 25 በመቶ ቀረጥ ግን አልተነሣም።