ኩሩ የተባለው የፎሬዎች ደዌ

በፓፑዋ ኒው ጊኒ ደጋ የሚኖሩት የፎሬ ሰዎች «ኩሩ» የሚሉት ገዳይ ደዌ ነበረባቸው፤ ቃሉ በእኛ ዘንድ የኮራ ማለት ቢሆንም፥ በነርሱ ቋንቋ መንቀጥቀጥ ነው። ሐኪሞቹ ዚጋስና ጋይዱሴክ በ1957 እ.ኤ.አ. ለዓለም ሲገልጹት፥ አብዝቶ የሚገድለው ሴቶችንና ሕፃናትን ነበር፤ በለቅሶ ጊዜ የዘመድን አንጎል የሚበሉት በተለይ እነርሱ ነበሩና። ይህን አውሬነት ነው ከሚሉት ጋር አንስማማም፤ ለሟቹ ፍቅራቸውን የሚገልጹበት ወግ ነበር።

ቫይረስ የሚራባው ወደ ሕዋስ ገብቶ የዘር መልእክቱን በማስገልበጥ ነው። የኩሩ መንሥኤ ግን ፕሩሲነር በ1982 ፕሪዮን ብሎ ከሰየመው ወገን ነው፤ ፕሮቲን ብቻ እንጂ ዘር የለውም። የተጣመመው ደኅናውን እየነካ እንደ ራሱ ያጣምመዋል፤ አንጎሉም እንደ ስፖንጅ ይበሳሳል።

ወጉ በ1960 ገደማ ቀረ፤ ደዌው ግን በአንዳንዱ ሰው ከ40 ዓመት በላይ ተደብቆ ቈይቶ ተነሣ።