ጎተራና ፍቅረ ንዋይ

በአዲስ አበባ ከተማ በቂርቆስ ወገን ጎተራ የሚባል ሰፈር አለ። ዛሬ ሕዝቡ ይህን ስፍራ አብዝቶ የሚያውቀው መንገዶች አንዱ በሌላው ላይ በሚተላለፉበት ማሳለጫ ነው፤ ስሙ ግን የእህል ማኖሪያ ማለት ነው። ጎተራ የሚለውን ቃል የወንጌል አንባቢም ያውቀዋል። በሉቃስ ወንጌል በ12ኛው ምዕራፍ፣ እርሻው እጅግ ፍሬ ስለ ሰጠው ጎተራውን አፍርሶ የሚበልጥ ለመሥራት ያሰበ የአንድ ባለጠጋ ምሳሌ ይገኛል። ያ ሰው የተነቀፈው እርሻው ስላፈራለት አይደለም፤ በረከቱን ሁሉ ለራሱ ብቻ አከማችቶ ነፍሱን በእህል ክምር ላይ ለማሳረፍ ስላሰበ ነው።

የወንጌሉ ፍርድ እንዲህ ሆኖ ሳለ፣ በገበያም በማኅበርም ከዚህ የተለየ ፍርድ ሲሰጥ ይሰማል። የአንዱ ሃይማኖት ተከታዮች በንግድ በልጽገው ሲታዩ ገንዘብ ወዳዶች ናቸው ይባላል፤ የሌላው ሃይማኖት ተከታዮች ገቢያቸው አንሶ ሲታይ ደግሞ ዓለምን እንደ ናቁ መንፈሳውያን ይቆጠራሉ። እንግዲህ የገቢ መብዛትና ማነስ የአንዱን ወይም የሌላውን ሃይማኖት ሰዎች ፍቅረ ንዋይ ይገልጣልን? የኢትዮጵያ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አለና እርሱን መመርመር ይገባል።

በቀድሞ ዘመን የአገሪቱ ሀብት መሠረቱ መሬት ነበር። ርስት ያለው ከአባቱ የወረሰውን አርሶ ይበላል፤ ጉልት የተሰጠው መኰንን ወይም ደብር ከገበሬው ግብር ይቀበላል። ርስት የሌለው ግን በሰው መሬት ጭሰኛ ከመሆን፣ በእጁ ሥራ ከማደር ወይም ሸቀጥ ጭኖ ካገር አገር ከመዞር በቀር ሌላ መንገድ እምብዛም አልነበረውም። ስለዚህ የሰውን ገቢ አስቀድሞ የሚወስነው የርስት ነገር ነበር፤ ርስትም በብዙ ስፍራ ከሃይማኖት ጋራ የተሳሰረ ነበር።

በ15ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ ቤተ እስራኤልን ድል ካደረጉ በኋላ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዲወርስ፣ ያልተጠመቀ ግን ከርስቱ እንዲነቀል ማዘዛቸው በትውፊት ይነገራል። ርስት ያጣው ወገን ወደ ብረት ሥራና ወደ ሽመና፣ ሴቶቹም ወደ ሸክላ ሥራ አዘነበሉ። በጎንደር ዘመን ግንበኞችና አናጢዎች ሆነው ነገሥታቱን አገለገሉ፤ አንዳንዶቹም ስለ አገልግሎታቸው መሬት አገኙ። በሌላው ስፍራ ግን ገበሬው እነርሱ በሠሩለት ማረሻ እያረሰ፣ ቡዳ እያለ ይሸሻቸው ነበር።

በሙስሊሞቹም የደረሰው ከዚህ የራቀ አይደለም። በቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ ዘመን፣ በ1660 ዓ.ም. ገደማ፣ በጎንደር በተደረገ ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። የሙስሊሞቹም ሰፈር ከከተማው በታች በቀሃ ወንዝ ወገን ሆነ፤ በኋላም አዲስ ዓለም ተባለ። በክርስቲያኑ ደጋ የሚኖሩት ሙስሊሞች በብዙ ስፍራ የርስት መብት ስላልነበራቸው በንግድ በረቱ። ከጎንደር ወደ ምጽዋና ወደ መተማ ከሚወርዱት የሲራራ ነጋዴዎች አብዛኞቹ እነርሱ ነበሩ። በሸዋም በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከአንኮበር በታች ያለችው ዓሊዩ አምባ የሙስሊም ነጋዴዎች መናኸሪያ ነበረች።

የሲራራው ንግድ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቡናና አሞሌ ነበር፤ ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥበት ነበር። ስለዚህ ክፉ ንግድ ሻጩን ብቻ መክሰስ ቀላል ነው። ነገር ግን ነጋዴው ሲያልፍ ቀረጡን የሚቀበለው ክርስቲያን ሹም ነበር፤ ባሪያውን ገዝቶ በቤቱ ከሚያሠራውም ብዙው ክርስቲያን ጌታ ነበር። የነጋዴው ትርፍ በሚዛንና በብር ተቈጥሮ ስለ ታየ ስስት ተባለ፤ የጌታው ግብር ግን በማርና በእህል ሆኖ ወደ ጎተራው ስለ ገባ ክብር ተባለ። በዚሁ ዘመን፣ በዚያው ሃይማኖት ውስጥ፣ የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ ቁራሽ ይለምን ነበር። ጌታውና ተማሪው ጸሎተ ሃይማኖትን አንድ አድርገው ሲደግሙ በገቢ ግን እንደ ሰማይና ምድር ይራራቁ ነበር። በሙስሊሙም ዘንድ የባለጠጋው ነጋዴና የወሎው ድኻ ገበሬ ልዩነት እንዲሁ ነው።

አዲስ አበባ ከተቈረቈረች በኋላ የታየው ነገር ደግሞ ይህንኑ ያጸናዋል። የአርመን ቤተ ክርስቲያን ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጋራ በእምነት አንድ ናት፤ ሆኖም በከተማይቱ የኖሩት አርመኖች በወርቅ ሥራ፣ በልብስ ስፌትና በንግድ ሲታወቁ፣ በእምነት የሚመስላቸው የአገሩ ባላባት ንግድን ይንቅ ነበር። ሃይማኖቱ አንድ ሲሆን ሥራው ተለያየ። በኢጣልያ ወረራ ዘመን ዋናው ገበያ ከአራዳ ወደ መርካቶ ከተዛወረ በኋላ በንግድ ከበረቱት መካከል ከጉራጌ አገር የመጡ ሰዎች ይገኛሉ፤ ከእነርሱም ውስጥ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙና ካቶሊኩ ጎን ለጎን ሱቅ ከፍቷል። በዚህ ደግሞ ሃይማኖቱ ሲለያይ ሥራው አንድ ሆነ።

ሥራን የመናቅን ጉዳት ዳግማዊ ምኒልክ አስቀድመው ተረድተውት ነበር። በ1900 ዓ.ም. ባወጁት ዐዋጅ ብረት ሠሪው፣ ሸማኔው፣ ቆዳ ሠራተኛውና ሌላውም ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ ከለከሉ፤ እንዲህ ያለው ስድብ ጥበብን ከአገር የሚያጠፋ መሆኑንም ገለጹ። የርስቱ ነገር ግን ብዙ ዘመን ቈየ። በሚያዝያ ወር 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች በአዲስ አበባ በታላቅ ሰልፍ የእኩልነት መብታቸውን ሲጠይቁ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጡ። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ፣ ርስትና ሃይማኖት በሕግ ተለያዩ።

ይህ ጥያቄ በኢትዮጵያ ብቻ የተነሣ አይደለም። የጀርመኑ ሊቅ ማክስ ቬበር እ.ኤ.አ. በ1904ና በ1905 ባወጣው ጽሑፍ፣ ፕሮቴስታንቶች በኢንዱስትሪና በንግድ ከካቶሊኮች በልጠው የታዩበትን ምክንያት ከትምህርተ ሃይማኖታቸው ፈለገ። ሳሻ ቤከርና ሉድገር ቮስማን የተባሉ ሊቃውንት ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት በ19ኛው ምዕተ ዓመት የነበሩትን የፕሩሲያ አውራጃዎች መርምረው፣ የሀብቱ ብልጫ በአብዛኛው ከማንበብና ከመጻፍ መስፋፋት ጋራ የተያያዘ መሆኑን አሳዩ፤ ፕሮቴስታንቶቹ መጽሐፍ ቅዱስን ያነብቡ ዘንድ ልጆቻቸውን አስተምረው ነበርና። ቬበር ራሱም ቢሆን ይህን ብልጫ ከስስት አልቈጠረውም፤ ገንዘብን መመኘት በየዘመኑና በየሕዝቡ ሁሉ የሚገኝ መሆኑን ጽፏል።

እንግዲህ የገቢ መጠን የሚገልጠው ለአንዱ ወገን የትኛው በር እንደ ተከፈተለት፣ የትኛውም እንደ ተዘጋበት ነው። ርስትን ነሥቶ ወደ ገበያ ከሰደዱ በኋላ፣ በገበያ ስለ ተገኘ ገንዘብ ወዳድ ነው ብሎ መፍረድ ሁለት ጊዜ መበደል ነው። ይህም በደል የፈራጁን ልብ ደግሞ ያሳውራል፤ ስስትን በጎረቤቱ ሱቅ ሲፈልግ በራሱ ጎተራ ያለውን አያይምና።

ፍቅረ ንዋይን መመርመር የሚወድ ሰው ግን መመርመሪያው አልጠፋም። የሠራተኛው ደመወዝ በጊዜው ተከፍሎ እንደ ሆነ፣ ሚዛኑ የቀና እንደ ሆነ፣ ባለዕዳው በአራጣ ተጨንቆ እንደ ሆነ ይመልከት። ክርስትናም እስልምናም አራጣን ይነቅፋሉ፤ ክርስቲያኑ ዐሥራትና ምጽዋት፣ ሙስሊሙም ዘካና ሰደቃ እንዲያወጣ ታዟል። ትእዛዙን የሚጠብቅም የሚያፈርስም በሁለቱም ወገን ይገኛል፤ በባለጠጋውም በድኻውም ቤት ይገኛል። ያ በወንጌል የተነገረለት ሰው የተመዘነው በጎተራው ስፋት ሳይሆን ከጎተራው ለማንም ለማውጣት ባለማሰቡ ነበርና፣ ፍርዱም ለሰው ሁሉ በዚሁ ሚዛን ሊሆን ይገባል።